የጀርባዬ ውኃ

ሞጣ ውስጥ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወደ ቤቴ ስመለስ በአንድ ልብስ ሰፊ በር ላይ አልፋለሁ። መብራት በጠፋ ቀን ሰውየው የከሰል ካውያውን አውጥቶ እርጥብ ጨርቅ ላይ ያስኬደዋል። የከሰሉና የእንፋሎቱ ሽታ ተደባልቆ አፍንጫዬ ሲደርስ እግሬ ቀጥ ይላል። ልብስ ላሰፋ የመጣሁ ይመስለውና «ግቢ እንጂ እህቴ» ይለኛል። «ደህና ዋል» ብዬው አልፋለሁ። ለእሱ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ለአንቺ ግን ልንገርሽ።

አባቴ ቢቸና ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቃችን ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች አንድ ክፍል ናት፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በበሩ ትገባና እስከ ስፌት መኪናው መርገጫ ድረስ ትዘረጋለች። አባቴ መኪናው ላይ ይቀመጣል፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጎኑ ዱካ ላይ ሆኜ የእጅ ሥራውን እሠራለሁ። ቁልፍ መትከሉ፣ ጠርዝ መቀምቀሙ፣ በተለይ ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፉ የእኔ ነበር። ቀሚስ ሊወስድ ለመጣ ሰው ሁሉ፣ ሳይጠየቅም ጭምር፣ «ይኸን እኔ አይደለሁም የሠራሁት፤ ልጄ ናት» ይል ነበር።

ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርሁ። ከአጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ፈተናው እንዳለቀ ልትዳር ቀን ተቆርጦላታል። የሰርግ ቀሚሷን የምጠልፈው እኔ፣ ሚዜዋም እኔ። አንድ ቀን ነጩን ጨርቅ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ስጠልፍ አባቴ መኪናውን አቆመና አየኝ።

«ደምሽ እየፈሰሰ ነው እኮ፤ አላየሽም?»

ጨርቁ ላይ ደም ጠብ ጠብ ብሏል። መርፌው የግራ አውራ ጣቴን ወግቶ ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል፤ እኔ ምንም አልተሰማኝም። ተሳሳቅንና ደሙን በጨው ውኃ አስለቀቅነው።

ከዚያ የካውያው ነገር መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ስተኩስ የተቃጠለ ጠጉር የመሰለ ነገር ሸተተኝ። የሰው ልብስ አቃጠልሁ ብዬ ደንግጬ ካውያውን ባነሣ ጨርቁ ደህና ነው። የተቃጠለው የእጄ ጠርዝ ነበር። ቆዳው ተልጦ ነጭ ሆኗል፤ ሕመም ግን የለም። አባቴ እጄን ይዞ ወደ በሩ ብርሃን አወጣኝና አገላብጦ ሲያየው ቆየ። ፊቱ ላይ ፍርሃት ያየሁት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ከተማው ውስጥ ወዳለ አንድ ሕክምና ቤት ወሰደኝ። ያየኝ ባለሙያ ወጣት ነው፤ ትሑትም ነበር። ዓይኔን አስጨፍኖ ጣቶቼን በመርፌ ጫፍ ነካካቸው። «ተሰማሽ?» ይለኛል። «የነካኸኝ ታውቆኛል፤ ግን አልወጋኸኝም» እለዋለሁ። ወግቶኛል ለካ። የቆዩ ጠባሳዎቼን አየና የተቀመጠበትን ወንበር ትንሽ ወደ ኋላ ሳበ።

«ሥጋ ደዌ ነው» አለው ለአባቴ። «አይጨነቁ፤ መድኃኒት አለው። ረዘም ላለ ጊዜ መውሰድ ብቻ ነው።»

 ከቢሮው ስንወጣ አባቴ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ፣ ቀኑ ሙቅ ሆኖ ሳለ፣ እጆቼን ሸፈነልኝ።

ወሬውን ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ አላውቅም። ከእኛ ቤት ግን አልወጣም። ሳምንት ሳይሞላ የጓደኛዬ እናት ሱቃችን በር ላይ ቆመች። አልገባችም።

«ቀሚሱን ስጠኝ፤ የቀረውን ሌላ ሰው ይጨርሰዋል» አለችው ለአባቴ።

«ሁለት ቀን ብትታገሺን እኮ ያልቃል።»

«ስጠኝ ብያለሁ።»

አባቴ አጣጥፎ ሲዘረጋላት በእጇ አልተቀበለችውም። የያዘችውን ፌስታል አፉን ከፍታ «እዚህ ውስጥ ጣልልኝ» አለችው። ጓደኛዬ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ጫማዋን ታያለች። ቀና ትላለች ብዬ ጠበቅኋት፤ አላለችም። የሰርጉ ቀን ሙዚቃው ከድንኳኑ እስከ ቤታችን ይሰማ ነበር። በኋላ እንደሰማሁት ቀሚሱን በበረኪና ቀቅለውት የጥልፉ ቀለም ለቀቀ፤ ሌላ ገዝተው ዳሯት።

ደንበኞቻችንም ቀሩ። አንዱ ጨርቁን ሳያስቆርጥ ወሰደ፣ ሌላው የተሰፋለትን ሳይወስድ ቀረ። አባቴ ጠዋት ሱቁን ይከፍታል፣ መኪናውን ዘይት ይቀባል፣ ይወለውላል፣ ይቀመጣል። የመኪናው ድምፅ የሌለበት ያ ሱቅ ምን ያህል ያስጨንቅ እንደነበር ልነግርሽ አልችልም። መድኃኒቱ ደግሞ ቆዳዬን አጠቆረው። የመድኃኒቱ ጠባይ ነው ተብሎ ተነግሮናል፤ መንገድ ላይ የሚያየኝ ሰው ግን የፊቴን መጥቆር አይቶ ወሬው እውነት መሆኑን አረጋገጠ።

እናቴ በመድኃኒቱ አልረካችም። ከደብረ ወርቅ ወረድ ብሎ ወዳለ ጸበል ይዛኝ ሄደች። ጎህ ሲቀድ ነው የሚጠመቀው፤ ውኃው ከዐለት ሥር የሚወጣ በረዶ ነው። ከፊቴ የነበሩት ሴቶች ውኃው ሲያርፍባቸው ይጮኻሉ፣ ይዘላሉ፣ ልጆች ያለቅሳሉ። የእኔ ተራ ደርሶ ትከሻዬ ላይ ሲወርድ ዝም ብዬ ቆምሁ። ሲፈስ ይታወቀኛል፤ ቅዝቃዜው ግን የለም። ሰዉ ተያየ። «የያዛት ነገር አልናገርም ብሎ ነው» አሉ አንዲት አሮጊት። እናቴ ግን ደስ ብሏት አለቀሰች። «እመቤቴ አበርትታሽ ነው፤ አየሽ፣ አልበረደሽም» አለችኝ። እኔም አመንኋት። ሰውነቴ ምን እያለን እንደነበር ሁለታችንም አላወቅንም።

ወራቱ እየገፉ ሲሄዱ፣ ሳስል አንገቴን የሚሰነጥቅ ሕመም ያዘኝ። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለው ሥጋ ጎደጎደ። ቁልፍ መያዝ አቃተኝ። ከዚያ እግሬ ይገትር ጀመር፤ ቁልቁለት ስወርድ እንደ እንጨት ቀጥ ይልብኛል። መድኃኒቱን ጨርሼ ስመለስ ያ ወጣት ባለሙያ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። በእሱ ቦታ የተተካው ካርዴን አየና «ታክመሻል፤ ጨርሰሻል» ብሎ አሰናበተኝ።

ሞጣ ሆስፒታል በሽተኛን ረጅም ጊዜ ወስዳ የምታይ አንዲት ዶክተር መጥታለች ብሎ ለአባቴ የነገረው አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሄድን። አውቶቡሱ ግንደወይን ሲቆም ሰዉ ሁሉ ወርዶ ሻይ ጠጣ፤ እኔ መውረድ ፈርቼ ተቀመጥሁ። አባቴም አልወረደም። «አልጠማኝም» አለኝ። ጠምቶት እንደነበር አውቃለሁ።

ዶክተሯ ከእኔ ብዙ አትበልጥም። ሂጃብ ያደረገች፣ ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች፣ አማርኛዋ ቀስ ያለ ሴት ናት። በመጀመሪያ እጄን ጨበጠችኝ። ያለ ጓንት። ሰው እጄን ከጨበጠኝ ብዙ ጊዜዬ ነበርና ወዲያው አለቀስሁ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ በሁለት ብልቃጥ ውኃ አስመጣችና ዓይኔን አስጨፈነችኝ።

«ሙቁ የቱ ነው?»

«ሁለቱም አንድ ናቸው።»

በጥጥ ነካችኝ። «ይህስ?»

«አንገቴ ላይ ነው። ጥጥ ነው።»

ጉልበቴን በመዶሻ መታች፤ እግሬ ተወርውሮ ጠረጴዛዋን ሊነካ ምንም አልቀረው። ጀርባዬን አጎንብሳ አየች፤ ለካ መጣመም ጀምሯል። ቁጭ ብላ ወደ አባቴ ዞረች።

«አባባ፣ ይህ ሥጋ ደዌ አይደለም። እሱ ቢሆን የጥጡም ንክኪ ይጠፋባት ነበር። ሕመሙ ያለው እጇ ላይ አይደለም፤ ጀርባዋ ውስጥ፣ ኅብለ ሰረሰሯ ውስጥ ነው። ውኃ እየቋጠረ ከውስጥ ይገፋዋል። ስሙ ሲሪንጎማይሊያ ይባላል። ስማር አንብቤዋለሁ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።»

አባቴ ሌላ ነገር ይጠይቃል ብዬ ነበር። ይድናል ወይ፣ ምን ይደረጋል የሚል። እሱ ግን ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ።

«ዶክተር፣ ቢቸና መጥተው ይኸን ለሰዉ ይነግሩልኛል?»

 «መጀመሪያ ሐኪም እንፈልግላት፤ የሚችለው ሰው ጥቂት ነው» አለችው ዶክተሯ።

የዚያ ሐኪም ፍለጋ ነው ወጣትነቴን የበላው። ዶክተሯ በራሷ ስልክ አስተማሪዎቿን አንድ በአንድ ጠየቀችልን። ባሕር ዳር ሄደን የጀርባ ፎቶ የሚያነሣው መሣሪያ ተበላሽቷል ተባልን። ተመልሰን ሄድን፤ ተነሣሁ፤ የሚያነበው አጣን። አዲስ አበባ የአጥንት ሐኪሙ «ይህ የነርቭ ነው» ብሎ ወደ ነርቭ ሐኪም ይልከናል፤ የነርቭ ሐኪሙ «የሚቀደድ ነው፤ የእኔ አይደለም» ይለናል። አንዱ ቀጠሮ ሰጥቶን ስንደርስ ውጭ አገር ሄዷል። በየኮሪደሩ የአልኮልና የወለል ሳሙና ሽታ እያሸተትን፣ አባቴ ያን ትልቅ ፎቶ እንዳይታጠፍ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ነጭ ገዋን የለበሰ ሰው ባለፈ ቁጥር ከመቀመጫው ይነሣል። በረኛም ሲያልፍ ይነሣል፤ ማን ሐኪም፣ ማን በረኛ እንደሆነ መለየት ትቶ ነበር።

በመጨረሻ አንድ አዛውንት ቀዶ ሐኪም ዘንድ ገባን። ፎቶውን ወደ መብራቱ አንሥተው አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?»

«ሐኪም ስንፈልግ ነበርን፣ ጌታዬ» አለ አባቴ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባለበት እንዲቆም አደርገዋለሁ። የሄደውን ግን መመለስ አልችልም። ልጄ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ። መጀመሪያ የተቃጠልሽ ጊዜ ብትመጪልኝ እጅሽን አድንልሽ ነበር።»

ማጅራቴን ላጭተው ቀደዱኝ። ያሉት ሁሉ ሆነ። እግሬ ተረፈልኝ፤ ይኸው እሄዳለሁ። ጀርባዬ ከዚያ በላይ አልተጣመመም። ጣቶቼ ግን እንደታጠፉ ቀሩ፤ ጠመኔ እይዛለሁ፣ መርፌ አልይዝም።

ወደ ቢቸና ስንመለስ አባቴ ደስ ብሎት ነበር። ለእሱ ድኛለሁ፤ ሥጋ ደዌ አለመሆኑ ታወቀ። በገበያ ቀን ሱቁን ዘግቶ ከሰው ሰው እየዞረ ያስረዳል። «ሥጋ ደዌ አይደለም፤ ኅብለ ሰረሰሯ ላይ ውኃ ቋጥሮ ነው። አዲስ አበባ ታይታለች።» ሰዉ «እሰይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይለዋል። ከዚያ ጨርቁን ይዞ ወደ ሌላ ሰፊ ይሄዳል። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ይናገራል፣ በለቅሶ ቤት ይናገራል፣ አዲስ ሠራተኛ ወደ ከተማው ተመድቦ ሲመጣ እሱ ሳይጠየቅ ይነግረዋል። እናቴ «ተው፣ በተናገርህ ቁጥር ታስታውሳቸዋለህ» ትለዋለች። አይሰማትም። እኔም አፈርሁበት። ተምሬ መምህርት ስሆን ሞጣን የመረጥሁት ማንም ስለማያውቀኝ ነው። ያቺ ዶክተር ግን አልነበረችም፤ ወዴት እንደተዛወረች የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

አባቴ ያረፈው በዚህ ዓመት ነው። መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልክም ጠፍቶ ስለነበር መርዶው ሲደርሰኝ ተቀብሯል። መኪና በተገኘ ቀን ቢቸና ገባሁ። ግቢያችን ለቀስተኛ ሞልቶታል፤ ያን ሁሉ ዓመት ሱቁን ያልረገጡት ሁሉ መጥተዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደግነቱን እያነሡ ያለቅሳሉ። ከልባቸው ነው፤ አልዋሽሽም።

ለቅሶው ጋብ ሲል ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጥሁ። አንዲት የጎረቤት ልጅ በትሪ ጠላ ይዛ መጣች። ያ ወሬ ሲወራ ጡት የምትጠባ ሕፃን ነበረች። ከግራዬ ላሉት በብርጭቆ ሰጠች፤ ከቀኜ ላሉትም በብርጭቆ። ለእኔ ከትሪው ዳር ለብቻው የተቀመጠ፣ ተጠጥቶበት የሚጣል የፕላስቲክ ኩባያ አነሣችልኝ። በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ፣ በአክብሮት ነው የሰጠችኝ። ክፋት የለባትም፤ እንዲህ ነው የሚደረገው ብለው ነግረዋታል።

ተቀበልኋት። እናቴ አየች፤ አይታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።  እኔም ኩባያውን እንደያዝሁ ወደ ድንኳኑ ማዶ አየሁ። ከወንዶቹ መደዳ አባቴ ብድግ ብሎ እስኪያስረዳልኝ እየጠበቅሁ ነበር።