እትዬ ማንጠግቦሽና የሰንበቴው ሰዎች

ባለፈው ክረምት ላሊበላ ላይ ዝናብ ለመጠለል ከአንዲት የዕደ ጥበብ ሱቅ በር ቆሜ ሳለ፣ ለቱሪስት በተደረደሩት ሸክላዎች ላይ ጠብታው ሲያርፍ፣ አዲስ እንስራ ውሃ ሲጠጣ የሚሰጠው ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ባለሱቋ ወጣት “እትዬ፣ ደኅና ነዎት?” እስክትለኝ ድረስ ጥርሴን ነክሼ መቆሜን አላወቅሁም። ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ ፈገግ ይላል ይባላል፤ እኔን ግን ያ ሽታ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የተወለድኩት ከገነተ ማርያም የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ የላስታ ገጠር ነው። ሰንበቴ ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ፣ ከወይራ ሥር የተሠራች ጎጆ ነበረች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባለተራው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፣ ካህናቱ ይባርካሉ፣ ከዚያ ሽማግሌው ሁሉ ስለ በሬው፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጉልበቱ ሕመም በአንድ አፍ ያወራል፤ እኛ ልጆች ደግሞ የመሪጌታው ጺም ላይ የተንጠለጠለችው ፍርፋሪ መቼ እንደምትወድቅ እየጠበቅን ሳቃችንን እናፍናለን።

ጠላው የሚጠመቅበት ጋን፣ የሚጠጣበት ዋንጫ ሳይቀር የእትዬ ማንጠግቦሽ እጅ ሥራ ነበር። እሷ ግን ውስጥ አትገባም። ሸክላ ሠሪ ስለሆነች “ቡዳ ናት” ይሏታል፤ ስለዚህ እንደ ማንም ክርስቲያን ጾማና አስቀድሳ ስታበቃ ከቅጥሩ ሥር ትቀመጣለች፣ ድርሻዋንም በቅጠል ያቀብሏታል። በገዛ እጇ በሠራችው ዋንጫ አንድ ጊዜ እንኳን ሲያጠጧት አላየሁም። እኔም ብሆን፣ መንገድ ላይ አግኝታኝ ከመቀነቷ ሽምብራ ፈትታ ስትዘረጋልኝ እጄን ወደ ኋላ ደብቄ የምሮጥ ልጅ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነበርና የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በየስብሰባው “ከእንግዲህ የሰው ልጅ ሁሉ እኩል ነው!” እያለ ጡጫውን ያነሣል፤ እሑድ እሑድ ግን እሷ ባለችበት በኩል ሲያልፍ ጋቢውን ወደ አፉ ይሰበስባል።

ድርቁ በበረታበት ዓመት ተስቦ ገባ። መጀመሪያ አባቴን ጣለው፣ ሳምንት ሳይሞላ እናቴን ደገማት። የሰንበቴው ሰዎች ካላቸው ላይ ቆንጥረው ንፍሮ ያመጣሉ፣ እውነት ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ያስቀምጡና “ማርያም ትማራችሁ!” ብለው ጮኸው ይሄዳሉ። ደጃችንን አልፋ የገባች እትዬ ማንጠግቦሽ ብቻ ናት። ማንም ሳይጠራት ገባች። ውሃ ቀዳች፣ ቅማል የወረረውን ልብስ ቀቀለች፣ የአባቴን ገላ እንደ ሕፃን አጥባ አጥሚት በማንኪያ አጠጣችው።

“እትዬ፣ በሽታው አይዝሽም?” አልኳት።

“ይይዘኝ ይሆናላ። ታዲያ ሰው ወድቆ እያየሁ ልለፍ፣ ልጄ? ይልቅ እሳቱን ቆስቁሽው።”

ሁለቱም ዳኑ። የእናቴ የሰንበቴ ተራ በደረሰ ጊዜ የሚቀርበው ወደ ንፍሮ ወርዶ ነበር። እናቴ ንፍሮዋን አቀረበችና ወጥታ፣ እትዬ ማንጠግቦሽን በእጇ ይዛ አምጥታ ከአጠገቧ አስቀመጠቻት።

“ብርቄ፣ ይቺን ሴት ወደ ቦታዋ መልሻት” አሉ ሙሴ የምንላቸው የሰንበቴው አለቃ።

“ቦታዋ የት ነው፣ አባቴ? እኛ በወደቅን ጊዜ ቦታዋ መኝታችን አጠገብ ነበር። እናንተ ከአጥር ወዲያ ነበራችሁ።”

“እሱንማ እግዜር ይስጣት። ሥርዓት ግን ሥርዓት ነው።”

“የማን ሥርዓት? የንስሐ አባታችን እዚሁ አሉ፤ እስቲ እሳቸው ይንገሩን።”

የንስሐ አባታችን፣ ያን ጠዋት ስለ ፍቅር ያስተማሩን ሰው፣ መስቀላቸውን ጨብጠው ወለል ወለሉን አዩ። ሙሴው ተነሡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። በመጨረሻ አባቴ ተነሣ። ገና በቅጡ ያልጠና እግሩ እየተንቀጠቀጠ፣ እነዚያ እጆች ያጠቡትን ገላ ይዞ ወጣ።

“ተይ ብርቄ፣ በእኔ የተነሣ ቤትሽን አትበትኚ” ብላ እትዬ ማንጠግቦሽ ልትነሣ ስትል እናቴ ትከሻዋን ይዛ መለሰቻትና ከንፍሮው ዘግና አጎረሰቻት። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ባዶውን መደብ እያየን ሦስታችን በላን።

ብዙም ሳይቆይ የሰፈራ ምዝገባ መጣ። “በፈቃዳቸው ይሄዳሉ” ተብለው ከተጻፉት አንዷ እትዬ ማንጠግቦሽ ሆነች። እናቴ ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄደች።

“ማን ጠይቋት ነው ፈቃደኛ የሆነችው?”

“ዘመድ የላት። ማን ሊከራከርላት?”

“እኔ አለሁላት።”

“አንቺ አንድ ሰው ነሽ” አላት።

ሁለተኛ ሰው ፍለጋ የሰንበቴውን አባላት በር አንድ በአንድ አንኳኳች። ማታ አባቴን ለመነችው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በማግስቱ እትዬ ማንጠግቦሽን በጭነት መኪና ወሰዷት። ከሰው መሐል አይታኝ “ልብሱን ደጋግማችሁ ቀቅሉት፣ ልጄ፣ ቅማሉ እንዳይመለስ!” ስትል መኪናው ተነሣ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ከሰፈራ የተመለሱትን ሁሉ ጠየቅሁ። አንዱ በመጀመሪያው ክረምት ወባ ገደላት አለኝ፤ ሌሎቹ አላወቋትም። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፣ ስሟንም ሳያነሣ ሞተ። ዛሬ የአገሬ ሰዎች ተሰብስበው “ፍቅርማ ድሮ ቀረ” ማለት ሲጀምሩ ተነሥቼ እወጣለሁ።

አምና በጸሎት እንድትታሰብልኝ ብዬ ወደዚያው ደብር ሄድኩ። ወጣቱ ቄስ በትሕትና ተቀብለውኝ ወረቀትና ብዕር አወጡ።

“የክርስትና ስሟን ይንገሩኝ፣ እናቴ።”

ያን ሁሉ ዓመት ከእኛ ጋር ጾማ፣ ከእኛ ጋር አስቀድሳ፣ አባቴም ሆነ እኔ፣ እናቴም እንኳን ብትሆን፣ አንድ ቀን አልጠየቅናትም ነበር።