በጳጉሜ ያልታመሙ ሕፃናት

ለመመረቂያ ጽሑፌ ቤት ለቤት ዞሬ መረጃ የምሰበስብበት ጊዜ አልነበረኝም። ስለዚህ ካዛንቺስ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ የአራት ዓመት የሕፃናት ተቅማጥ መዝገብ አስፈቅጄ ወሰድሁ። ባለቤቴና ልጄ ደብረ ማርቆስ ናቸው፤ እስከ ዓርብ አማካሪዬ ካልፈረሙልኝ ሌላ ዓመት ቂርቆስ ኪራይ ቤት መክረሜ ነው።

መዝገቡን በየወሩ ስደረድረው በጳጉሜ አንድም የታመመ ሕፃን የለም። በአራቱም ዓመት! የጳጉሜ ዝናብ በቅዱስ ሩፋኤል የተባረከ ጸበል ነው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ግን በሠንጠረዥ ይመጣልኛል ብዬ አላሰብሁም። ተነሥቼ አማተብሁ።

አማካሪዬ ያዩት ሌላ ነው። «መስከረም አንድን ተመልከቺ! አገር ምድሩ ታሟል። ዶሮ ወጡ ነው! በቃ፣ ርእስሽን ቀይሪ።»

በማግስቱ የትምህርት ክፍሉ ቢሮ ሁሉ ሰምቷል። ጸሐፊዋ ደረጃ ላይ አግኝታኝ «እቴ፣ ዶሯችንን ልታስከለክይን ነው አሉ» አለችኝ።

ልጽፈው ስቀመጥ እጄ እምቢ አለኝ። ተአምርም ቢሆን ምስክር ይፈልጋል። ረቡዕ ጠዋት ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሄጄ መረጃውን ኮምፒዩተር ላይ የጻፉትን ሴትዮ ጠየቅሁ።

«እትዬ፣ መስከረም አንድ ያን ሁሉ ሕፃን እንዴት አስተናገዳችሁት?»

«መስከረም አንድ? ኧረ እኛ ዝግ ነን!»

«ታዲያ እነዚህ ልጆች?»

«እነሱማ የጳጉሜ ናቸው። ይሄ ኮምፒዩተር አሥራ ሦስተኛ ወር ስትሰጪው ይጮኻል እንጂ አይቀበልም። መቼም የታመመ ልጅ ሜዳ ላይ አይጣልም! ወደ አዲሱ ዓመት አሻገርኳቸው።»

«ነሐሴ ላይስ ቢያደርጓቸው?»

«ወደ ኋላ? እግዜር ያሳይሽ፣ ሰው በበሽታው ላይ ቀን ይመለስበታል?»

ሁለት ቀን ሙሉ ካርድ ክፍሉ ወለል ላይ ተቀምጬ ከአሮጌው የወረቀት መዝገብ እያንዳንዱን ልጅ ወደ ታመመበት ቀን መለስሁ። አንድ በመለስሁ ቁጥር ከሩፋኤልም ከዶሮውም እየቀነስሁ መሆኔ ይሰማኝ ነበር። ሲያልቅ ጳጉሜ በቀን ሲሰላ ቁርጥ ነሐሴን መሰለች።

ዓርብ አማካሪዬ ዘንድ ቀረብሁ።

«ዶሮውስ?»

«ንጹሕ ነው፣ ዶክተር።»

«ስለዚህ ምንም አላገኘሽም?»

«ምንም።»

ሠንጠረዡን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት። «ይሁን፤ ምንም ማጣትም ያስመርቃል» አሉና ፈረሙ። ወረቀቱን ግን አልለቀቁትም።

«እኔ ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ እኮ። አሁን ምን ልበላቸው?»

ይቅርታ ጠይቄ ወረቀቱን ቀስ ብዬ ከእጃቸው ሳብሁት።