የኢቲቻ ጉልበትና የእትዬ ጠይባ ጣት

ኢቲቻ እትዬ ጠይባን በደንብ አያውቃቸውም። ይህ አስቀድሞ ይታመን። ዓለም ገና ላይ አንድ የቆርቆሮ አጥር ለይቷቸው አሥራ አንድ ዓመት ሲኖሩ፣ ስለ እሳቸው የሚያውቀው ቢሰበሰብ ከሦስት ነገር አያልፍም፤ ከፊት ገመድና ጆንያ ይሸጣሉ፣ ከጓሮ ወጌሻ ናቸው፣ ሲስቁ ድምፅ አያወጡም። ሌላውን እንዳይጠይቅ ዓይን አፋር ነው። ዓይን አፋርነቱን ጨዋነት እያለ ስለሚጠራው ደግሞ ሊተወው አስቦ አያውቅም።

እግሩን የተጎዳው በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ግርግር ነው። እንዲህ ሲባል ያምራል። መንደሩም ያወራው ይህንኑ ነበር፤ "ወታደር መትቶት ነው" ብለው ብርቱካን ይዘው የጠየቁት አሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አንድ አይሱዙ ጎማው ሲፈነዳ ኢቲቻ ተኩስ መስሎት ሮጠ፤ ቦይ ዘለለ፤ ቦዩ ከዝላዩ ይሰፋ ነበር። የምር የቆሰሉ ልጆች በነበሩበት ሰሞን "እኔን የጣለኝ የአይሱዙ ጎማ ነው" ማለት ከበደው። ብርቱካኑን በላ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ጄሶው ሲወልቅ ጭኑ የመጥረጊያ እንጨት አክሏል። የሚሠራበት የክር ፋብሪካ ደግሞ ደብዳቤ ላከ፤ ከዛሬ በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ገብቶ ሙሉ ፈረቃ ቆሞ ካልሠራ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። አዲስ አበባ ያለው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ መንገዱ እየተዘጋ ኢቲቻ ሁለት ቀጠሮ ሲያልፈው፣ ጡንቻ የሚያነቃ የኤሌክትሪክ ማሽን አውሶ ላከለት። ማሽኑ የእጅ ስልክ የሚያህል ሳጥን ነው፤ ሁለት ሽቦ አለው፤ በሽቦዎቹ ጫፍ ገላ ላይ የሚለጠፉ ፓዶች አሉ። የመመሪያው ወረቀት በቻይንኛ ስለሆነ ባለሙያው ራሱ ደወለ።

"ስማኝ ኢቲቻ፣ ፓዶቹን ጉልበት የሚሰጠው ቦታ ላይ..."

ኔትወርኩ ሄደ። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ ከሄደ መቼ እንደሚመለስ የሚነግር አልነበረም።

ጉልበት ከተባለ ጉልበት ነው። ኢቲቻ መጀመሪያ ሊታሽ እንደተዘጋጀ ሰው ጉልበቱን ቅቤ ቀባ። ፓዱ ሙልጭ ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ቅቤውን ጠረገና ሁለቱንም ፓዶች ጎን ለጎን አጥንቱ ላይ ለጠፋቸው። ማሽኑን ከፈተ። ምንም። ጨመረ። ምንም። "ወንድ አይደለሁም እንዴ?" ብሎ እስከ መጨረሻው አዞረው።

ያን ጊዜ የጮኸው ቦዩ ውስጥ ሲወድቅ ከጮኸው ይበልጣል።

በዚያ ሰሞን ከሰው ቤት ጩኸት ሲሰማ የሚታሰበው አንድ ነገር ነው፤ ወታደር ገባ። እትዬ ጠይባ ዘነዘና ይዘው ገቡ።

"የታሉ?"

"እነማን?"

"የገቡብህ ናቸዋ!"

"ኧረ ማንም አልገባም፤ ማሽን ነው" አለ ኢቲቻ፣ ጉልበቱን በጋቢ እየሸፈነ። "ጉልበት ላይ አድርግ ተብዬ ነው።"

ሚስቱ ላሊሴ ከጓዳ ብቅ አለች። "አንተ ሰውዬ፣ ጂልባ ነው ያለህ ወይስ ሁምና?"

በኦሮምኛ ጂልባ የሚታጠፈው መገጣጠሚያ ነው፤ ሁምና ብርታት ነው። አማርኛ ሁለቱንም ጉልበት ብሎ ይገላገላል። ቤቱ በኦሮምኛ የሚኖር፣ ፋብሪካ በአማርኛ የሚታዘዝ ሰው በአርባ ሦስት ዓመቱ በአንድ ቃል ተቃጠለ።

"ትምህርት ቤት በአማርኛ አንደኛ ነበርኩ ትል አልነበር?" አለች ላሊሴ።

"ሦስተኛ" አለ።

እትዬ ጠይባ ዘነዘናውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። "እስቲ ይቺን የቻይና ወጌሻ አምጣት።" ፓዶቹን የራሳቸው ክንድ ላይ ለጠፉና በትንሹ ከፈቱት። የመሀል ጣታቸው ብቻውን ብድግ አለ። "ኧረ ጣቴን ማን ጠራው!" ትከሻቸው ብቻ ሳቀ። "አያችሁ? ጅማቱን ስታገኘው ነው የሚነሳው። አጥንት ምኑ ይነሳል? በል ሱሪህን አውልቅ።"

"እትዬ ጠይባ፣ እንዴት ብዬ..."

"ሚስትህ እዚሁ ናት። የስንቱን በሬ ጭን ያሸሁ ሴት ነኝ፤ ያንተ ምን አለውና ነው?"

ጭኑን በሳሙና አጥበው አደረቁ። አንዱን ፓድ ከጭኑ ላይኛው ግማሽ ወደ ውጭ፣ ሌላውን ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ፣ ሥጋው የሰረጎደበት ላይ ለጠፉ። በትንሹ ከፍተው እያጠፉ የታችኛውን ፓድ በአንድ በአንድ ጣት ስፋት አዛወሩት። አምስተኛው ቦታ ላይ ጭኑ እንደ ቡጢ ጠበቀ። ዙሪያውን በእስክሪብቶ አሰመሩ።

"ቦታው ይሄ ነው። አንተም አብረህ ጥበቅ፤ ተጋድመህ ማሽኑ ይሥራልኝ አትበል።"

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ሱቃቸውን በግማሽ ከፍተው ይመጡ ነበር። ኢቲቻ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ አንዳንድ ነገር ሰማ። አባታቸው ሙአዊያ የተሰበረ የበግ አጥንት ጆንያ ውስጥ ከተው፣ እትዬ ጠይባ ሳያዩ በእጃቸው ብቻ ገጥመው እንዲያወጡ እያደረጉ ነው ያስተማሯቸው። በግርግሩ ሰሞን በዱላ ክንዳቸው የዞረ ልጆች በጓሮ በር ሲመጡ ስማቸውን አልጠየቁም። የኢቲቻን እግር የጎዳው ዱላ እንዳልሆነም በመጀመሪያው ቀን በእጃቸው አውቀዋል።

"ቦይ ነው አይደል?" አሉት።

"ትንሽ ቦይ" አለ።

"ለሰው አልናገርም። ብርቱካን ሲመጣልህ ግን ለእኔም አካፍለኝ።"

በመጨረሻው እሑድ ፓዶቹን ያለ እስክሪብቶው ምልክት ራሱ ለጠፋቸው። እትዬ ጠይባ አላረሙትም። ሲጨርስ በተጎዳው እግሩ ብቻ አቁመው ቆጠሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ላይ ነበር የወደቀው፤ አሁን ሠላሳ አንድ ላይ ግድግዳ ያዘ። ላሊሴ አጨበጨበች። ኢቲቻ ግን ሠላሳ አንድ ቁጥር በስንት ተባዝቶ አንድ ፈረቃ እንደሚሞላ በልቡ አሰላ።

"እትዬ ጠይባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይሄ እግር ነገ ፈረቃውን ሙሉ ያቆመኛል?"

እትዬ ጠይባ ፓዶቹን ቀስ ብለው ከጭኑ ላይ ላጡና ፕላስቲካቸው ላይ መልሰው ለጠፏቸው። ሽቦውን ጠቀለሉ።

"እሱን እኔ አልመልስልህም" አሉ። "ነገ እግርህ ራሱ ይነግርሃል።"