ሳይሞክሯት የተወሰደባት ቦታ

ይህ ይመዝገብልኝ፦ የልጅ ልጄን ከምትወደው ቦታ ያነሷት ግራኝ ስለሆነች ብቻ ነው፤ ያውም አንድ ቀን እንኳ ሳይሞክሯት።

ጨዋታው ሶፍትቦል የሚሉት፣ ኳስ በዱላ ተመትቶ ቤዝ ከሚሉት ምልክት ወደ ምልክት የሚሮጥበት ነው። ኮሮና ቤት በዘጋብን ዓመት ልጅቷ ክሊቭላንድ አቬኑ ካለው አፓርታማችን ጀርባ ኳስ ከግድግዳ እያጋጨች ስትለማመድ ከረመች። የምትፈልገው ሾርትስቶፕ የሚሉትን፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ያለውን ቦታ ነበር። መሬት ለመሬት የሚመጣውን ኳስ ይዞ ፈጥኖ ወደ አንደኛው ቤዝ መወርወር ነው ሥራው። ኳሱ ከምትሮጠዋ ልጅ ቀድሞ ከደረሰ ሯጯ ከጨዋታ ትወጣለች። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በግድግዳው ጩኸት ከሚቆጡ ጎረቤቶች ጋር እየተሟገትሁ ከጎኗ ስቆም ነው።

በቀጣዩ ሰመር ቡድን እንድትገባ ሂሊያርድ ሜዳ ወሰድናት። አሰልጣኟ የኳስ መያዣውን ጓንት በልጅቷ ቀኝ እጅ ላይ አየች፣ በግራዋ እንደምትወረውር ገባትና ወደ አንደኛው ቤዝ ጠቆመቻት። ግራኝ ሾርትስቶፕ አትሆንም አለች፤ አለቀ። ልጅቷ መኪና ውስጥ ገብታ «ኢትስ ኦኬይ» አለች። ፊቷ ግን ኦኬይ አልነበረም።

እኔ ባደግሁበት አገር በግራ እጅ መብላት ነውር ነው። ይህችን ልጅ «በቀኝሽ ብዪ» ያሏትን ዘመዶች ስንቱን ዝም አሰኝቻለሁ። ለካ እዚህ በፈረንጅ አገርም ግራ እጅ ይናቃል ብዬ ደሜ ፈላ።

«እማዬ፣ በእግዚአብሔር!» አለች ልጄ፣ የልጅቷ እናት። «ኮቿን እንዳታናግሪ። ፓረንት ኮምፕሌይን ሲያደርግ ልጁ ነው የሚጎዳው።»

«እኔ ፓረንት አይደለሁም። አያት ነኝ።»

ጠብ ሲኖር ደግሞ ሽማግሌ ይላካል። በቤተ ክርስቲያናችን ሁላችንም ጋሼ ለምንላቸው ሽማግሌ ደወልሁ።

«ማን ከማን ተጣላ?» አሉኝ።

«እኔ ከሶፍትቦል አሰልጣኝ ጋር።»

በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ሜዳ ድረስ መጡ። አሰልጣኟ አየቻቸውና ደንገጥ ብላ ጠበቃ ናቸው ወይ ብላ ልጅቷን ጠየቀቻት።

«ኖ፣ ኖ! ሂ ኢዝ ፍሮም ቸርች!»

ጋሼ በእንግሊዝኛ አሰልጣኟን ስለ ጤናዋ ጠየቁ፣ ስለ እናት አባቷ ጠየቁ፣ ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። የሆዴን ሁሉ በአማርኛ ዘረገፍሁት። ልጅቷ ተረጎመች፦ «ግራንድማ ሴይስ ታንክ ዩ።»

«ያን ሁሉ ተናግሬ ይቺ ብቻ?»

«አያቴ፣ ፕሊዝ! ኢምባራስ እያደረግሽኝ ነው።»

አሰልጣኟ ግን ከፊቴ ሳታነብብ አልቀረችም። ኳስ አንሥታ ቦታው ላይ ቆመችና አሳየችን፤ ጋሼም እየተረጎሙ አስረዱኝ። በቀኟ የምትወረውር ልጅ ኳሱን እንደያዘች ትልከዋለች። ግራኟ መጀመሪያ መላ ሰውነቷን ማዞር አለባት፤ ያኔ ሯጯ ትደርሳለች።

«የእኔዋ ፈጣን ናት» አልሁ። «መቼ አይታት ታውቃለች?»

ጋሼ እንደ ሽማግሌ ወግ መሃሉን ያዙ። በሚቀጥለው ጨዋታ ጥቂት ትቁምበት፣ ከዚያ የታየውን ሁላችንም እንቀበል አሉ። አሰልጣኟ ሳቀችና እጃቸውን ጨበጠች።

ቅዳሜ ልጅቷ ሾርትስቶፕ ቆመች። የመጀመሪያውን ኳስ ለቀም አድርጋ፣ በተረከዟ ዞራ ወረወረች፤ ሯጯ ወጣች። እልል አልሁ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ይየኝ። ሁለተኛው ኳስ ወደ ሦስተኛው ቤዝ ጠጋ ብሎ መጣ። ከፊተኛው አሳምራ ነው የያዘችው፤ ዞራ እስክትወረውር ግን ሯጯ አንደኛውን ቤዝ ረግጣ ቆማለች። ቀጥሎ የመጣውም እንደዚያው ሆነ። ጋሼ ክራቫታቸውን ፈታ አደረጉ። እኔም ዓይን አለኝ፤ አይቻለሁ።

ጨዋታው ሲያልቅ አሰልጣኟ ራሷ መጣች። ኮፍያዋን አውልቃ ረዘም አድርጋ ተናገረች። ልጅቷ መሃላችን ቆማ፣ አሁን አንዲትም ሳታስቀር ተረጎመችልኝ፦

«አያቴ፣ ኮች ሶሪ ትላለች። ሳልሞክራት ዲሳይድ ማድረግ አልነበረብኝም ትላለች። ቦታዋ ግን አሁንም ፈርስት ቤዝ ነው፣ እዚያ ጓንቷ ወደ ሜዳው ስለሚሆን የምፈልገው ግራኝ ነው ትላለች።»