አምስት ቀዳዳ

ሊወስዱኝ የመጡ ዕለት ለባለቤቴ ክር እያጠነጠንኩ ነበር። ሁለት ናቸው። አንደኛው የሰፈራችን ሰው ነው፤ ከአብዮቱ በፊት ዳቦ ይሸጥ ነበር፣ ያን ቀን ጠመንጃ ይዞ መጣ። ትከሻው ላይ ጣል ያደረጋት ጋቢ ባለቤቴ ሽሮ ሜዳ ቁጭ ብሎ የሠራት ነች። አላጣኋትም፤ ፈትሏ የእጄ ነው።

«ልጅሽ የት ነው?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነበር። ትልቁ ልጄ ከቤት ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ የት እንደሚያድር ያልነገረኝ እንዲህ ሲጠይቁኝ እንዳላውቅ ብሎ ነው።

«እንግዲያው እሱ እስኪመጣ አንቺ ትቀመጫለሽ።»

ጡት ያልጣለችውን ትንሿን ልጄን ለእህቴ አቀበልኳት። ክሩ ጣቴ ላይ እንደተጠመጠመ መሆኑን ያየሁት ቀበሌ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ያስገቡኝ ጋራዥ ውስጥ ነው። ግቢው የተወረሰ ቪላ ነበር፤ ቤቱን ቀበሌው ቢሮ አደረገው፣ መኪና ይቆምበት የነበረው የሴት እስረኞች ቤት ሆነ። ሲሚንቶው የሞተር ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ሽታው ከእህል ጋር አፍ ውስጥ ይገባል። አንድ ሰፊ የብረት በር አለ፤ ጠዋት ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ሲከፈት ፀሐይ እስከ መሐል ድረስ ትገባለች። ወደ እንጦጦ የምታይ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። በእሷ በኩል እንጨት ተሸክመው ጎብጠው የሚወርዱ ሴቶች ይታያሉ። ድሮ ሳያቸው አዝንላቸው ነበር። ያን ቀን ቀናሁባቸው።

ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። የማንንም ስም አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እናገራለሁ።

ሰሌን የተጋራኋት ልጅ ቢበዛ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ግብርና ተምራ ገበሬ ታስተምር ነበር። ፊት ለፊታችን የምትተኛው ጠላ ነጋዴ ናት፤ ቤቷ ሲጠጣ የነበረ ሰው መንግሥት ሰድቦ ነው የታሰረችው። «ሰዳቢው አመለጠ፣ ቀጂዋ ታሰረች» ትላለች፤ በሳቀች ቁጥር ግድግዳው የሚነቃነቅ ይመስለኛል።

አንድ ቀን እህቴ ባመጣችልኝ ስንቅ ውስጥ ቲማቲም ነበረበት። በልቼ ስጨርስ ሳህኑ ጠርዝ ላይ የቀረውን ፍሬ ልጅቱ በጣቷ ለቀም ለቀም አደረገች።

«እትዬ፣ ይህን አይጣሉት። ይበቅላል።»

«እዚህ? ሲሚንቶ ላይ?»

«ጣሳ ላይ።»

ልጋጉን በውሃ አጠበችው፤ ልጋጉ ካልለቀቀ ቶሎ አይበቅልም አለች። ከዚያ ስንቁ የተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ አሰጣችው። ጠላ ነጋዴዋ ከተኛችበት ቀና ብላ አየችና፣ «አደራ፣ ጋዜጣ ላይ የደረቀ ዘር መፈክር እንዳያበቅል» አለች።

ጥግ ላይ የሞተር ዘይት ጣሳ ነበር፤ እሱን አንስቼ አመጣሁ። ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። «ይሄ መርዝ ነው። እህል የነበረበት ዕቃ ነው የምንፈልገው።» ጠላ ነጋዴዋ ስኳር የምታስቀምጥበትን የወተት ዱቄት ጣሳ ገልብጣ ሰጠችን። አፈሩን ወደ መጸዳጃ ስንወጣ እኔ በነጠላዬ ጫፍ እየቋጠርኩ አመጣሁ። መጀመሪያ ያመጣሁትን ግን አሽታ መለሰችልኝ።

«ከባሕር ዛፍ ሥር ነው የወሰዱት። እሱ አይሆንም፤ ባሕር ዛፍ ለራሱ መጥጦ ይጨርሳል፣ ለሌላ አይተውም።»

«እንደ ማን?» አለች ጠላ ነጋዴዋ። ሁላችንም ወደ በሩ አየን።

ስለዚህ ከአጥሩ ሥር ጥቁሩን አፈር አመጣሁ። ለቀበሌው እንጨት የምታመጣ አህያ ነበረች፤ የእሷንም ፋንድያ ለቀምኩ፣ የደረቀውን፣ እጅ ላይ የሚፈረፈረውን ብቻ። እርጥቡ ያቃጥላል ብላኛለች። እቃ ሳልይዝ በነጠላ ፋንድያ ይዤ ስገባ ሴቶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሳቁብኝ። በዚያ ቤት እኔም መጀመሪያ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

«አሁን ጣሳው ከታች መበሳት አለበት» አለች ልጅቱ። «በምን እንደምንበሳው ነው እንጂ።»

እኔ ግን ቸኮልኩ። «ትንሽ ትንሽ ካጠጣነው ምን ይሆናል?» ብዬ ዘሩን ጨመርኩ። በሳምንቱ በቀለ። እንዴት ያለ ነገር ነው! ሁለት ሁለት ቅጠል፣ እንደ ክር የቀጠነ አንገት። ምን ልበላችሁ፣ ተንበርክኬ ነው የማየው። ያን ጊዜ ጡቴ ያግት ነበር፤ ትንሿ ልጄ በምትጠባበት ሰዓት ይሞላል፣ ቀሚሴ ይርሳል። ጡቴ ባጋተ ቁጥር ተነስቼ ጣሳውን አጠጣለሁ። ሌላ የማጠጣው አልነበረኝም።

በአሥር ቀኑ ሁሉም ተኛ። አንገቱ ጠቆረ፣ አፈሩ የረጋ ውሃ ሸተተ። ልጅቱ ጣሳውን ዘንበል ስታደርገው ጥቁር ውሃ ወጣ።

«ውሃ ጠልቶ አይደለም እትዬ፣ መውጫ አጥቶ ነው። ከታች ሲያቁር ሥሩ ይበሰብሳል። ከላይ ለጊዜው ደህና ይመስላል።»

ምስማሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንድ የድሮ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ከእግሩ ላይ ብቅ ያለውን ምስማር በማንኪያ እጀታ ሦስት ቀን ነቅንቄ ነቀልኩት። የጣት ርዝመት አለው። ጣሳውን ስንበሳ ድምፅ እንዳይሰማ ጠላ ነጋዴዋ ሳል ጀመረች። እኔ በድንጋይ አንዴ ስመታ እሷ አንዴ ትስላለች።

«ምነው፣ ሳንባሽ ወለቀ እንዴ?» አለ ጠባቂው ከውጭ።

«ከጠላዬ ስለለያችሁኝ ነው!» አለችው።

አምስት ቀዳዳ በሳን፣ አንዱን መሐል፣ አራቱን ዙሪያ። «አንዱ ቢደፈን አራቱ አሉ» አለች ልጅቱ። ቀዳዳው ላይ ጠጠር አደረግን፣ አፈሩን ከጣሳው አፍ አንድ ጣት አጉድለን ሞላን፣ ዘሩን የጥፍር ያህል ቀበርነው። አጠጣጡንም አሳየችኝ። «ጣትዎን ይክተቱ። ጣትዎ እርጥበት ካገኘ ይተዉት። አፈሩ ይንገርዎ እንጂ ሆድዎ አይንገርዎ።»

በመጨረሻ፣ «ምስማሩን ወንበሩ ላይ ይመልሱት እትዬ» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ። አልመለስኩትም። ለሁለተኛ ጣሳ ይሆናል ብዬ ከሰሌናችን ሥር ሸጎጥኩት።

በዚህኛው ጊዜ የበቀለው ጠነከረ። አንዱን ብርቱውን ትተን ሌላውን ነቀልን። ጠዋት በሩ ሲከፈት ደፍ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ባለ ጋቢው የሰፈራችን ሰው አይቶት ቆመ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ቲማቲም ነው።»

«የምርት ዘመቻ እዚህም ገባ?» ብሎ ሳቀ፤ አልነካውም። ተክሉ ከስንዝር አልፎ ቢጫ አበባ ባወጣበት ሰሞን፣ ሰኞ ቀን፣ ያው ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ልጅሽ ከከተማ እንደወጣ ታውቋል። አንቺን ማስቀመጡ ጥቅም የለውም ተብሏል። አርፈሽ ተቀመጪ፣ ቅዳሜ ትሄጃለሽ።»

ማክሰኞ ፍተሻ መጣ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ ነው የገባው። እኛ ቆመን ጠባቂዎቹ ሰሌኖቹን ገለበጡ። ከእኛ ሰሌን ሥር ምስማሩ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ። ያን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ፤ ትንሽ ድምፅ ነች።

«የማን ነው?»

ሰሌኑ የሁለታችን ነው። ልጅቱ አየችኝ። ብዙ አላየችኝም፣ አንዴ ብቻ። እኔ ወደ ጣሳው አየሁ።

«የማን ነው አልኩ!»

«የእኔ ነው» አለች።

«ምን ልታደርጊበት?»

«ጣሳ ልበሳበት።»

«ጣሳ ነው ወይስ ሰው የምትበሺው?» አለና በክንዷ ይዞ አወጣት።

ለሰው ስናገር፣ «ቅዳሜ ትፈቻለሽ ብለውኝ ነበር፣ ጡት የምትጠባ ልጅ ነበረችኝ» እላለሁ። ሰውም «እናት ነሽ፣ ምን ታደርጊ» ይለኛል። ሁለቱም ውሸት አይደለም። ግን በዚያች ደቂቃ ልጄ ትዝ አላለችኝም። ቅዳሜም ትዝ አላለኝም። ፈራሁ፣ በቃ። እንዳይመቱኝ ፈራሁ። ልጄን ያመጣኋት ኋላ ነው፣ ለማመካኛ።

ሁለት ቀን አልተመለሰችም። እኔ ጣሳውን አጠጣሁ። ጣቴን አልከተትኩም፤ አፈሩን አልጠየቅኩም። ለእኔ የሚሰጠኝን የመጠጥ ውሃ ሳይቀር አፈሰስኩበት።

ሐሙስ ደግፈው አመጧት። እግሯ በገዛ ነጠላዋ ተጠቅልሏል። ሰሌኑ ላይ አስቀመጥናት፤ እግሯን ላጥብ ስጠጋ አልከለከለችኝም። ውሃው እንዴት እንደሆነ አልጽፍም። ትንሽ ቆይታ ጣሳውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና ጣቷን ከተተች።

«አብዝተው አጠጥተዋል።»

እግሯን ማጠቤን ቀጠልኩ።

«ግድ የለም። የበዛው ወጥቷል። ቀዳዳው ሠርቷል።»

«ልጄ፣ እኔ...»

«ይተዉት እትዬ። ትንሿ ትጠብቅዎታለች።»

ጠላ ነጋዴዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከማክሰኞ ጀምሮ ከእኔ ጋር ቀልዳ አታውቅም።

ዓርብ ጠዋት በሩ ሲከፈት የልጅቱን ስም ጠሩ። ግድግዳውን ይዛ ተነሳችና ቦርሳዋን ልታነሳ ጎንበስ አለች።

«ዕቃ አያስፈልግሽም» አላት ጠባቂው።

በዚያ ዘመን ታስሮ የነበረ ሰው ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዕቃህን ያዝ ከተባልክ ወደ ቤትህ ወይ ወደ ሌላ እስር ቤት ነው። እሷ ቦርሳዋን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች፣ ፀጉሯን በእጇ ሰብሰብ አደረገች። ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እትዬ፣ ጣሳውን ያዙሩት። ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል» አለችኝ። ከዚያ ግድግዳውን ለቀቀች። በዚያ እግሯ፣ ማንንም ሳትደገፍ፣ ፀሐዩ ውስጥ ገብታ ወጣች።

ለምስማሩ ይሁን፣ በፊት ለታሰረችበት ነገር ይሁን፣ አላውቅም። የማውቅበትም መንገድ የለም።

ቅዳሜ እኔን ጠሩኝ። ዕቃሽን ያዢ አሉኝ። ሌላውን ለሴቶቹ ትቼ ጣሳውን አቀፍኩ። ባለ ጋቢው ሰው የግቢው በር ላይ አስቆመኝ፤ የተደበቀ ነገር ይኖራል ብሎ አፈሩን በጣቱ ጫረ።

«የማን ነው ይሄ?» አለ።

ያንኑ ቃል ነው ያለው። እሱ አላሰበበትም።

«የእኔ ነው» አልኩ። «የበሳሁትም እኔ ነኝ። ማክሰኞ ያገኛችሁት ምስማር የእኔ ነበር።»

ወደ ቢሮው ዞር ብሎ አየ። ጋቢውን አስተካከለ። «አልሰማሁሽም።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። አሁንም ፈርቻለሁ፤ ግን ደገምኩት።

«ሴትዮ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «አሁን ለማን ይጠቅማል? ሂጂ ልጅሽ ጋ።»

ሄድኩ። ትንሿ ልጄ ጡቴን አልያዘችም፤ እሱም ደርቆ ነበር። ትልቁ ልጄ ተረፈ፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ቲማቲሙ አራት ፍሬ ሰጠ። አንዱንም አልቀመስነው፤ ሁሉንም ለዘር አደረግኩት።

ዛሬ ጉለሌ ያለችው ግቢዬ ሰው በጎን ካላለፈ አታሳልፍም። በተሰበረ ጀሪካን ጎመን፣ በባልዲ ቃሪያ፣ በበርሜል ሎሚ፣ በጣሳ ቲማቲም አለኝ። መጀመር የሚፈልግ ጎረቤት ሲመጣ ዘር እሰጠዋለሁ፣ ከዘሩ ጋር ምስማር እሰጠዋለሁ። «መጀመሪያ ብሳ» እለዋለሁ። «አምስት አድርገው። አንዱ ቢደፈን አራቱ አሉ።» ማን አስተማረሽ ሲሉኝ «አንዲት ልጅ» ብዬ ወሬ እቀይራለሁ።

ስሟን አውቀዋለሁ። ያልጻፍኩት የእኔን ስም መናገር በነበረብኝ ሰዓት ስላልተናገርኩ ነው፤ የሷን ለመጥራት አፌ አይደፍርም። ለሰው መውጫ ቀዳዳው አንድ ነው፣ እሱም አፉ ነው። እኔ ያን ማክሰኞ ደፈንኩት፤ ከዚያ ወዲህ ከታች ያቆረውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከላይ ደህና እመስላለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ እጄ ቀርፋፋ ነው፣ ይህን ለመጻፍ ብዙ ቀን ወስዶብኛል። በዚያ በር ላይ የሰማኝ ሰው አልሰማሁሽም ስላለኝ፣ እዚህ አንድ ጊዜ ልድገመው።

ምስማሩ የእኔ ነበር።