አንቺ ቅደሚ

«ምታው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ መክሊት።

«ተራዬን።»

«የሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ መሰለህ እንዴ?»

እሷ ስትስቅ ስክሪኑ ላይ ያለው ዘንዶ በላኝ።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከመክሊት ጋር በር ለበር ነን። ለዓመታት እኛ ቤት የምንጫወተው እኔ የምወደውን ዓይነት ጌም ነበር። አንዱ ይመታል፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል፤ ሻይ እየጠጡ ማሰብ ይቻላል። ያን ቀን ግን ቤተሰቧ ወደ ሐዋሳ ሊዛወር ዕቃ እየተጫነ ሳለ፣ መሰነባበቻ ብላ አዲስ ጌም ይዛ መጣች። በዚህኛው ማንም ማንንም አይጠብቅም።

«ሽሽ! ኧረ ዝም ብለህ አትቁም፣ አንተ ሰውዬ!»

እንደገና ሞትኩ። ሐሳቤ ከዘንዶው ጋር አልነበረም። እንደምወዳት ዛሬ ካልነገርኳት መቼ ልነግራት ነው?

ከታች የጭነት መኪናው ክላክስ አደረገ። ተነስታ በሩን ከፈተችና ዞር አለች።

«መክሊት…»

«ስማ…»

እኩል ጀምረን እኩል ዝም አልን።

«እሺ፣ ንገሪኝ» አልኳት።

«አይ፣ አንተ ቅደም።»

«ኧረ በፍጹም! አንቺ ቅደሚ።»

«በማርያም፣ አንተ ጀምር።»

«አይሆንም፣ አንቺ።»

ክላክሱ ተደገመ። እናቷ ከደረጃው ሥር ስሟን ጠሩ። መክሊት ትንሽ ጠበቀችኝ። እኔም ጠበቅኳት።

በሩ ተዘጋ።