መሪ የሌለው ጋቢና

የሚስቴ አባት ሥራዬን ለሰው ምን ብለው እንደሚያስረዱ ይቸግራቸው ነበር። "ልጅዎን ያገባው ምን ይሠራል?" ሲሏቸው "ኮምፒውተር ላይ ነው" ይሉና ወሬውን ወደ ሩዝ ያዞሩታል። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። እኔ ወረታ ስገባም አንዲት አሮጌ አይሱዙ ነበረቻቸው፤ ከፎገራ ሜዳ ሩዝና ሽንኩርት እየጫኑ ወደ ባሕር ዳር፣ በገበያ ቀን ደግሞ ወደ ይፋግና ወደ አንበሳሜ ይመላለሱባታል።

ባለቤቴ መምህርት ናት። ወደ ተወለደችበት ከተማ ስትዛወር እኔም ከአዲስ አበባ ተከትያት መጣሁ፤ አባቷ ግቢ ውስጥም ሁለት ክፍል ቤት ተሰጠን። የምሠራበት ድርጅት ትንሽ ነው፤ ለከተማ ባቡር ነጂዎች ማለማመጃ ይሠራል። ተማሪው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ከፊቱ ባለው ትልቅ ስክሪን ሐዲዱ፣ መንገዱ፣ የሚሻገረው ሰው ሁሉ ይታየዋል። እጁ ሥር ደግሞ የእውነተኛውን ባቡር የሚመስል የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ አለ። ቢሳሳት የሚጎዳ ሰው የለም። የእኔ ድርሻ ሰሌዳው ነው፤ የትኛው ቁልፍ የት እንደሚሆን፣ እጀታው ለእጅ እንዴት እንደሚመች፣ አጭሩም ረጅሙም ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ ሁሉም ነገር እንዴት እንደሚደርሰው ማሰብ ነው። አለቃዬ ይህን ወረታ ሆኜ እንድሠራ ፈቀደልኝ።

ኮምፒውተር ላይ የተሣለ ሰሌዳ ግን አይነካም። ክንድ የት እንደሚዝል፣ አውራ ጣት የት እንደሚያርፍ ሥዕሉ አይናገርም። ስለዚህ በረንዳው ላይ በካርቶንና በስስ ጣውላ ትክክለኛ መጠኑን ጠብቄ አንድ ሰሌዳ ሠራሁ። ወንበሩን ከጋራዥ፣ ከተፈታታ ሚኒባስ ላይ አገኘሁት። እጀታው የመጥረጊያ እንጨት ነው። ቁልፎቹ የውሃ ፕላስቲክ ክዳኖች ናቸው፤ አጠገባቸው በባትሪ የሚበሩ ትንንሽ መብራቶች ገጠምኩ።

አማቼ ከመንገድ ተመልሰው አዩት። ሻርፓቸውን እንኳ ሳያወልቁ ዙሪያውን ዞሩት።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የባቡር ጋቢና ነው፣ አባባ። ለሙከራ ነው እንጂ ዋናው በብረት ይሠራል።"

"መሪው የታለ?"

"መሪ የለውም። የሚመራው ሐዲዱ ነው።"

መሪ የሚሆንበትን ቦታ በእጃቸው ዳሰሱ። "ታዲያ ነጂው በእጁ ምን ይሠራበታል?"

ይህን ጥያቄ ስሰማ ደስ አለኝ። ወራት ሙሉ ሳስብበት የኖርኩት እሱኑ ነበርና። አስቀመጥኳቸውና ግራ እጃቸውን እጀታው ላይ አደረግሁላቸው። ወደፊት ሲገፉት ባቡሩ እንደሚሄድ፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ፍሬን እንደሚይዝ ነገርኳቸው። ነጂው እጀታውን ከለቀቀ ግን ባቡሩ "ይህ ሰው ተኝቷል ወይም ታሟል" ብሎ ራሱን ያቆማል አልኳቸው።

"እውነትህን ነው?" አሉ። "እንዲህ ከሆነ ባቡሩም ነጂውን ይጠብቀዋላ።"

እንደተቀመጡ ግራ እግራቸው ፍሪሲዮን ሲፈልግ፣ ቀኝ እጃቸው ወደ ማርሽ ሲሄድ አየሁት። እሳቸውም አዩት። "እግሬ ሥራ ፈታ" ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚመጡት ወደ በረንዳው ሆነ። ዝናብ ሲጥል ሐዲዱ አያንሸራትትም ወይ? ከብት ቢገባበት ምን ይደረጋል? ነጂው ውሃ ሽንት ቢይዘውስ? የማላውቀውን አለቃዬን ደውዬ እጠይቃለሁ፤ በማግሥቱ መልሱን ይዤ እጠብቃቸዋለሁ። ከዚያ በፊት እኔና እሳቸው ከሰላምታ ያለፈ ብዙም አንነጋገርም ነበር።

ባለቤቴም ተፈተነችበት። እሷ አጭር ናት። የአደጋ ማቆሚያውን ቀይ ቁልፍ እንድትመታ ስነግራት ጀርባዋ ከወንበሩ ተነሣ፤ እንደዚያም ሆኖ የደረሰችበት በጣቶቿ ጫፍ ነው።

"ይህን የሠራኸው ለራስህ ቁመት ነው" አለችኝ።

አላጋነነችም። ቀዩን ቁልፍ ወደ ነጂው አቀረብኩት።

ቀጥሎ የመብራቶቹ ሙከራ መጣ። ላፕቶፑ ላይ ከአዲስ አበባ የተላከልኝን የሐዲድ ቪዲዮ እከፍታለሁ። የተቀመጠው ሰው ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል አንዱ መብራት ሲበራ አጠገቡ ያለውን ክዳን ይጫናል። እኔ ከኋላ ቆሜ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን እነካካለሁ። በግራ በኩል ወደ ታች ያለው መብራት የበር ነው፤ እሱ ከበራ አንድ በር አልተዘጋምና ባቡሩ መነሣት የለበትም።

አማቼ ፈጣን ነበሩ። የቀኙን፣ የመሀሉን፣ የላዩን መብራት ገና ሲበራ ይጫኑታል። የበሩን መብራት ግን አለፉት። ደግሜ አበራሁት፤ አሁንም አለፉት። ምንም አላልኳቸውም። በሙያችን የምንማረው ሰው ሲሳሳት መጀመሪያ ሰሌዳውን መጠርጠር ነው፤ እኔም የጠረጠርኩት ሰሌዳውን ነው። መብራቱን ትንሽ ከፍ አደረግሁት። ሌላ ቀን ከቀይ ወደ ቢጫ ለወጥኩት። ከዚያ ተለቅ ያለ አምፖል ገጠምኩ። አላዩትም። ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ ማለት ይቻላል፤ ስበላም ስሄድም የማስበው ስለዚያች መብራት ሆነ። የእጀታው እንጨት ከልሏት ይሆን? የላፕቶፑ ብርሃን አደብዝዟት ይሆን?

አለቃዬ ጋ ደወልኩና የበሩ መብራት ቦታው መጥፎ ነው፣ ወደ መሀል ይምጣ አልኩት።

"በስንት ሰው ሞከርከው?" አለኝ።

"በአንድ።"

"በሌሎችም ሞክረውና ንገረኝ።"

በባለቤቴ ሞከርኩት፤ ወዲያው ተጫነችው። አጥር የምንጋራው ሸማኔም ተጫነው። ግራ ገባኝ። በማግሥቱ አማቼ ሲቀመጡ ያንኑ መብራት ነቅዬ በቀኝ በኩል በትክክል ያንኑ ያህል ርቀት ላይ ተከልኩት። ገና ሲበራ ተጫኑት፤ ከዚያ ወደ ግራ ቦታው መለስኩት።

ያን ጊዜ አንዳንድ ነገር ትዝ ይለኝ ጀመር። የአይሱዙዋ የግራ ስፖኪዮ ተሰብሮ በጎማ ታስሮ ነበር፤ ጋሪ ገጨኝ ነበር ያሉት። ማዕድ ላይ በግራቸው የተቀመጠ ብርጭቆ በክንዳቸው ሲደፋ አይቻለሁ። ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። የምታርመውን ደብተር ዘጋች።

"አንተ ንገረው" አለች በመጨረሻ። "እኔ ብነግረው አረጀህ ያልኩት ይመስለዋል።"

እኔም አልደፈርኩም። የአማት ዓይን ማየት ተስኖታል ብሎ መናገር ቀላል አይደለም፤ ያውም መኪና ነድቶ ለሚያድር ሰው። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሳለ ነገሩ ራሱ ወጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት የጎረቤታችን ልጅ፣ የባጃጅ ነጂው፣ እንደ ጨዋታ ልሞክረው ብሎ ተቀመጠ። አማቼ ከጎኑ በርጩማ ላይ ሆነው ያዩታል። የበሩን መብራት አበራሁ፤ ልጁ ተጫነ።

"ምን አይተህ ነው የተጫንከው?" አሉት።

"መብራቱን ነዋ፣ አባባ።"

ልጁ ከሄደ በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ወደ እኔ ሳይዞሩ "ለእኔም ታበራልኝ ነበር?" አሉኝ።

"አበራ ነበር።"

"ዛሬ ስታበራው በአፍህ ንገረኝ።"

አበራሁት። "በርቷል" አልኳቸው።

"አላየሁትም።" አንገታቸውን ቀስ ብለው ወደ ግራ አዞሩ። "አሁን መጣ።" መለሱት። "ሄደ።" ሞተር በጆሮው እንደሚፈትሽ ሰው ደጋግመው አዞሩ፣ ደጋግመው መለሱ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁና ቀኝ ዓይናቸውን ሸፈኑበት። ብዙ ቆዩ።

"ጨለማ የሚሆን መስሎኝ ነበር" አሉ። "ጨለማ አይደለም። ሰሌዳው እስከዚህ ድረስ ነው።" በጣታቸው መሀሉን አሳዩኝ። "ከዚህ ወዲያ የለም። የጎደለ ነገር ያለም አይመስልም።"

ይህን ሲሉ ፍርሃት አላየሁባቸውም፤ ገርሟቸው ነበር። እኔም ባልገረመኝ እወድ ነበር፤ ግን ገረመኝ። ከባለቤቴ ቦርሳ ጠመኔ አመጣሁ። መብራቱን በእጄ ይዤ ቀስ እያልኩ አንቀሳቅሰዋለሁ፤ "ሄደ" ሲሉ ሰሌዳው ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ቀጥለው ግራውን ሸፈኑ። በቀኙ በደንብ ያያሉ፤ ግን እሱም ወደ አፍንጫቸው በኩል ትንሽ የጠፋው ነገር ነበር። ባለቤቴ ከገበያ ስትመለስ ሁለታችን ካርቶኑ ላይ ጎንበስ ብለን የጠመኔውን መስመር ስንከተል አገኘችን። ማንም ሳይነግራት ገባት። ዘንቢሏን አስቀምጣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

እሷን ሲያዩ ነው ነገሩ የከበዳቸው።

"ትናንት ከይፋግ ስመለስ" አሉ፣ "በግራዬ ስንት ሰው አልፎ ይሆን?"

ከኪሳቸው የመኪናውን ቁልፍ አውጥተው ለባለቤቴ ሰጧት። "ያዢው" ብቻ ነው ያሏት።

ባሕር ዳር በሚኒባስ ሄድን። ጋቢና እኔና እሳቸው ተቀመጥን። የዓይን ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። አገጫቸውን አንድ መሣሪያ ላይ አስደግፋ መሀል ያለችውን ነጥብ ብቻ እንዲያዩ፣ ዙሪያውን ብልጭ የሚል ብርሃን ባዩ ቁጥር ቁልፍ እንዲጫኑ ነገረቻቸው።

"ይህንማ በረንዳዬ ላይ ሠርቼዋለሁ" አሏት።

እኔን አየችኝ። የካርቶኑን ነገር ስነግራት ሳቀች፤ ስልኬ ላይ ያነሣሁትን የጠመኔ መስመር ግን አተኩራ አየችው። የዓይናቸው ግፊት ከፍ ብሎ ነርቩን ሲጎዳው ኖሯል፤ ግላኮማ ይባላል አለች። አያምም፣ ስለዚህ ሰው አያውቀውም። የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታውን ሳያቋርጡ ካደረጉ ግን የቀረውን ማቆየት ይቻላል። መኪና መንዳት የለብዎትም አለቻቸው።

"ገብቶኛል" አሉ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የማላየውን የሚሞላልኝ ምንድን ነው? ባዶ ሆኖ አይታየኝም እኮ።"

ወንበሯን አስጠግታ አእምሮ ከዳር ዳሩ እየወሰደ ክፍተቱን እንደሚሸፍነው አስረዳቻቸው። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ያወሩት ስለዚያ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ግን ቀላል አልነበሩም። አይሱዙዋን የእህታቸው ልጅ ይነዳት ጀመር። መጀመሪያ አብረውት ይሄዱ ነበር፤ ማርሽ አዘገየህ፣ ፍሬን አበዛህ እያሉ አሰለቹት። አንድ ቀን ከአንበሳሜ ሲመለሱ "እኔ ጋቢና ስሆን ልጁ የሚያየው እኔን ነው እንጂ መንገዱን አይደለም" ብለው ወረዱ፤ ከዚያ ወዲህ አልተሳፈሩም። ዘመዶች ወንዛዬ ይሂዱና ፍል ውሃው ይፈውስዎ አሏቸው። "ለወገቤ እሄዳለሁ" አሉ። "ለዓይኔ ጠብታዬን ይዤ ነው የምሄደው።" እንዳሉትም አደረጉ፤ ጠብታዋን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።

የበሩ መብራት ቦታው አልተለወጠም። የተለወጠው ሌላ ነው፤ መብራቱ ሲበራ አብሮ ድምፅ እንዲያሰማ አለቃዬን ለመንኩት፤ ተስማማ። ድምፁን የመረጥነው ከአማቼ ጋር ነው። ከስልክ ጥሪ ጋር የሚመሳሰሉትን ሁሉ ጣሉ። ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ የሚያንኳኳ፣ በር የሚመታ የሚመስል ድምፅ ሲሰሙ "ይህ ይሁን፤ ሰው በር ሲመታ ዝም አይባልም" አሉ። ሰሌዳው አሁን በብረት ተሠርቶ ተማሪዎች ይማሩበታል። ያ ድምፅም አለው።

እሳቸው በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። ሐኪሟ አንገታቸውን ወደ ግራ ማዞር እንዲለምዱ መክራቸው ነበር፤ ለመዱት። ነሐሴ ላይ፣ ሩዙ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሜዳው ሐይቅ ሲመስል፣ ማታ ማታ በእርሻው ጠርዝ እንሄዳለን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያለፉበት ሜዳ ነው፤ ግን ያለፉት በመኪና ነው። ስለዚህ በየደረስንበት ይቆማሉ። ውሃው ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ገበሬዎቹን ይጠይቃሉ። አንድ ማታ ረጅም እግር ያላት ወፍ ውሃው መሀል ቆማ አዩ፤ አንገታቸውን አዙረው ያገኟት እሳቸው ናቸው።

"ይህችን ወፍ ታውቃታለህ?"

"አላውቃትም፣ አባባ።"

"እኔም።"

ምን እንደምትበላ ለማየት ቆምን። ትል ይሁን ትንሽ ዓሣ የምትለቅመው ሳንለይ ጨለመብን።